የሰፈራችን ስም በኮምፒዩተር ፍለጋ እንዴት ይገኛል?



በዚህ ዓመት መጽሔታችን ስለ ድረ ገጽ መገኘትና አለመገኘት ጥቂት ለመጻፍ የተነሣሁበት ምክንያት እንደሚከተለው ነው። በሰፈራችን በፉሪ በር፥ መስኮትና አልጋ የሚሠሩ አንድ አናጢ ድረ ገጽ አሠርተው ሳለ፥ በስልኩ «ፉሪ አናጢ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ሊያገኛቸው አልቻለም። እኒህ ሰው ሦስት ሠራተኞች አሏቸው፤ ሥራ ሲጠፋ አራት ቤት ይቸገራል። ስለዚህ ነገሩ የኮምፒዩተር ክበባችን ጨዋታ ብቻ አይደለም።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፥ እንደ ጉግል ያለው የፍለጋ መሣሪያ በጠየቅነው ሰዓት ዓለምን ዞሮ የሚያይ አለመሆኑ ነው። «ሸረሪት» የሚባሉት ፕሮግራሞቹ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው በማያያዣው እየተሻገሩ ቀደም ብለው ያነባሉ፤ ያነበቡትንም ቃል ከነአድራሻው በመዝገብ ያስገባሉ። ይህ መዝገብ በትልቅ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የሚገኘውን የቃላት ማውጫ ይመስላል፤ «ጤፍ» የሚለው ቃል በገጽ 12 እና በገጽ 80 አለ እንደሚለው ማለት ነው። እኛ ስንጠይቅ የሚገለጠው ይኸው ማውጫ ነው። በማውጫው ያልገባ ነገር እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

እንግዲህ የአናጢውን ገጽ ከፍቼ ባየሁት ጊዜ ያገኘሁት አንድ ያማረ የባነር ፎቶግራፍ ነበር። ስማቸውም፥ ሥራቸውም፥ የስልክ ቁጥራቸውም በፎቶግራፉ ውስጥ ተሥሏል። ለዓይን ግሩም ነው፤ በፊደል የተጻፈ ግን አንድም ቃል የለበትም። ዛሬ ከሥዕል ውስጥ ፊደል ለይተው የሚያነቡ ፕሮግራሞች መኖራቸው እርግጥ ነው፤ ቢሆንም እነርሱን ተስፋ አድርጎ ከመቀመጥ ቃሉን በፊደል መጻፍ ይቀላል።

የእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በዓለም አቀፉ የፊደላት ቁጥር፥ በዩኒኮድ፥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የላቲኑን ፊደል ቦታ በገዛ መላው ለእኛ ፊደል ይሰጥ ነበር። በዚያ መንገድ የተጻፈ ሰነድ የተጻፈበት ቅርጸ ፊደል በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት፥ የሚታየው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ነው። ስንት መልካም ጽሑፍ እንዲህ ሆኖ ተቀብሮ እንደቀረ ሳስብ ያሳዝነኛል።

ዩኒኮድም ከመጣ በኋላ ችግሩ ፈጽሞ አላለቀም። ለኮምፒዩተር ፊደል ማለት ቁጥር ነው፤ ድምፅ አይሰማም። ሠ 4640 ነው፥ ሰ 4656 ነው። እኛ «ሁለቱም ያው ናቸው» እንላለን፤ እርሱ ግን ካልተነገረው በቀር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ይላል። የጎረቤታችንን የሐና ማርያምን ስም እንመልከት። አንዱ በሐ፥ ሌላው በሀ፥ ሦስተኛው በሃ ይጽፈዋል፤ ማርያምንም «ማሪያም» የሚል አለ። ሦስት ጊዜ ሁለት ስድስት፤ ለአንድ ሰፈር ስድስት አጻጻፍ! የክፍለ ከተማችንም ስም «ንፋስ ስልክ» እና «ነፋስ ስልክ» እየተባለ ይጻፋል። በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት አርእስቱ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ይላል፤ የዛሬ ተማሪ ግን «አዲስ የአማርኛ» ብሎ ይፈልገዋል። ሊቁ በዐ መጻፋቸው ትክክል ነው፤ ተማሪውም አልተሳሳተም፤ ሁለቱ ግን ሳይገናኙ ሊቀሩ ይችላሉ። አንዳንድ የፍለጋ መሣሪያ ይህን ልዩነት አስቀድሞ ያስተካክላል። የማያስተካክለው ግን «የለም» ብሎ ይመልሳል። በተጨማሪም በአማርኛ «በፉሪ»፥ «ከፉሪ»፥ «የፉሪ» እየተባለ መነሻው ከስሙ ጋር ተጣብቆ ስለሚጻፍ፥ ስሙን ቢያንስ አንድ ጊዜ ብቻውን አቁሞ መጻፍ ይጠቅማል።

ፉሪ የሚለውም ስም ብቻውን አይበቃም። በ2015 ዓ.ም. የሸገር ከተማ ሲቋቋም ከክፍለ ከተሞቹ አንዱ ፉሪ ተብሏል፤ የእኛው ፉሪ ግን በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ነው። የጅቡቲው ባቡር ጣቢያም፥ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፥ ፉሪ ለቡ ይባላል። ስለሆነም አድራሻን ከነክፍለ ከተማው መጻፍ ግድ ነው። ነገር ግን የስሙን አጻጻፍ ሁሉ በአንድ ገጽ ሃምሳ ጊዜ መደርደር አይገባም፤ መሣሪያዎቹ ይህን እንደ ማታለል ቆጥረው ገጹን ወደ ኋላ ይጥሉታል።

ተመሳሳይ ቃል ያለባቸው ብዙ ገጾች ሲኖሩ ማን ይቅደም? ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ መላ አገኙለት፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ጉግልን ያቋቋሙት በዚሁ ነው። መላው ከአገራችን የምስክር ሥርዓት ጋር ይመሳሰላል። ወደ አንድ ገጽ የሚያመለክት ማያያዣ እንደ ምስክር ይቈጠራል፤ ሆኖም የመቶ ተራ ሰው ቃል ከአንድ የታመነ ሽማግሌ ቃል ላይበልጥ ይችላል። ዛሬ ሌሎች ብዙ መመዘኛዎች ተጨምረዋል፤ ምስክሩ ግን አልቀረም።

እዚህ ላይ ወላጆች እንዲጠነቀቁ እለምናለሁ። አናጢውን አንድ ደላላ «በየወሩ ገንዘብ ከከፈሉ የመጀመሪያው መስመር ላይ አስቀምጥዎታለሁ» ብሏቸው ሁለት ወር ከፍለዋል። በገንዘብ የሚገዛው ማስታወቂያ መሆኑ በምልክት የተገለጠ ቦታ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያለውን ተራ ጉግል ለማንም አይሸጥም፤ ደላላም ሊሸጠው አይችልም።

እኔና ሁለት የክበባችን ልጆች ከአናጢው ጋር ተቀምጠን የገጹን አርእስት «የእንጨት በር፥ መስኮትና አልጋ ሥራ፤ ፉሪ፥ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፥ አዲስ አበባ» አልነው። በውስጡም «ከሐና ማርያም (ሃና ማሪያም) አጠገብ» ብለን በፊደል ጻፍን። በየፎቶግራፉ ሥር የእንጨቱን ዓይነት፥ ስፋቱንና ቁመቱን የነገሩን እርሳቸው ናቸው፤ እኛማ ዋንዛን ከጽድ አንለይም ነበር። የእንጨት ዕቃ የሚያጓጉዝላቸው ነጋዴም በገዛ ገጹ ላይ ማያያዣ አኖረላቸው። በአምስተኛው ሳምንት ከለቡ አንዲት ወይዘሮ ደውለው የሁለት በር ዋጋ ጠየቁ።