«ስንት ያወጣል?»፦ ስለ ዋጋና ስለ ገማቾቹ

መንዝ ውስጥ ባለው የሞላሌ ገበያ በግ የሚገዛ ሰው ከገንዘቡ በፊት እጁን ይሰዳል። ወገቡን ይዳብሳል፣ ላቱን ከሥር ደግፎ ይመዝናል፣ ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ያያል፣ ቀንዱንና የጠጉሩን ቀለም ይቃኛል። ሻጩ ዋጋ ይጠራል፤ ገዢው ዝቅ አድርጎ ሰጥቶ ጀርባውን ያዞራል፤ ደላላው ይመልሰዋል። በመጨረሻ ዋጋው «ይወጣል»። አማርኛችን ዋጋን ከበጉ ውስጥ ተጎልጉሎ እንደሚወጣ ነገር ያደርገዋል። ግን እውነት ከበጉ ውስጥ ነበር? ወይስ ዙሪያውን የቆሙት ሰዎች ናቸው የፈጠሩት?

ከዕቃው ወይስ ከሰው?

ጥያቄው ብዙ ሊቃውንትን አከራክሯል። ካርል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1867 ባሳተመው «ካፒታል» የሸቀጥን ዋጋ በፈሰሰበት ጉልበት ለካው። ቀጥለው የመጡት የምጣኔ ሀብት ምሁራን ደግሞ ወደ ገዢው ፍላጎት ዞሩ። ጌኦርግ ሲመል እ.ኤ.አ. በ1900 ዋጋ የሚወለደው በልውውጡ ላይ ነው አለ። ጆን ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1939 ማክበርንና መገመትን ለይቶ፣ ሁለቱም ሰው የሚፈጽማቸው ተግባራት መሆናቸውን አስረዳ። አርጁን አፓዱራይ እ.ኤ.አ. በ1986 ባዘጋጀው የጥናት ስብስብ ደግሞ ዕቃዎች እንደ ሰው የሕይወት ታሪክ አላቸው፤ ሸቀጥነት የዚያ ታሪክ አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው የሚል ሐሳብ ገነነ።

ከበግ ሱፍ የሚሠራው የመንዝ ባና ለዚህ ክርክር ጥሩ ምስክር ነው። ሱፉ ከበጉ ይሸለታል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ሴቶች ይፈትሉታል፣ ሸማኔ ይሠራዋል። በየእጁ ዋጋው ይጨምራል። ገበያ ላይ ግን ፈታይዋ የደከመችበት ሰዓት ተቆጥሮ አይከፈልም፤ የሚታየው የባናው ውፍረትና የደጋው ብርድ ነው። ጉልበት ዋጋ ይፈጥራል፤ የትኛው ጉልበት እንደሚቆጠር የሚወስነው ግን ሌላ ነው።

ገንዘብ ራሱ ሲገመት

ገንዘብ የሁሉ መለኪያ ቢሆንም እሱም ከግምት አያመልጥም። ከአፋር የጨው ምድር የሚነሳው የጨው ገንዘብ፣ አሞሌ፣ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይንር ነበር፤ የተሰበረ ወይም የተሸራረፈ አሞሌ ደግሞ ዋጋው ይወርድ ነበር። ጠገራ ብር፣ ማለትም እ.ኤ.አ. 1780 የሚል ዓመት የታተመበት የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ብር፣ ከመወሰዱ በፊት ይመረመር ነበር፤ በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉት ፈርጦች በደንብ ካልታዩ ተቀባይ አይገኝለትም ነበር። ብሩን ብር ያደረገው ከብረቱ ባልተናነሰ የተቀባዩ ዓይን ነበር።

ገበያ የማይደርስበት

አንዳንድ ነገር ደግሞ ክብሩ የሚጠበቀው ለገበያ ባለመቅረቡ ነው። በመንዝ ርስት የሚገኘው በገንዘብ ሳይሆን የትውልድ ሐረግ በመቁጠር ነበር። በትውፊት የምድሩ አባቶች የሚባሉት ማማ፣ ላሎና ጌራ ናቸው፤ ስማቸው ዛሬም በወረዳዎቹ ስም ውስጥ አለ። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 በታተመው «ሰምና ወርቅ» መጽሐፉ የመንዝን ገበሬ ሕይወት ሲያጠና ይህን የርስት ፍቅር በቅርብ አይቷል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስትን አስቀረ፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም አለ። መሬት ዛሬም ቢሆን ገበያው ብቻውን ተምኖ የሚጨርሰው ነገር አይደለም።

የጓሳ ሣርም እንዲሁ ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። የመንዝ አባቶች ግን ሣሩ የሚበቅልበትን የጓሳን ምድር ለዓመታት ዘግተው፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ ከፍተው ሕዝቡን ያሳጭዱ ነበር። ሣሩን ውድ ያደረገው የዚህ መከልከል ሥርዓት ጭምር ነው።

ሁለት ሚዛን፣ አንድ በግ

የግምት ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ምሁርና ገበሬ ሲገናኙ ነው። የመንግሥት የበግ ማሻሻያ ሥራ እንደ ኮሪዴልና ሃምፕሻየር ያሉ የውጭ ዝርያዎችን ከአገር በቀሉ ጋር ሲያዳቅል ክብደትና ሱፍ ይቆጥር ነበር። ገበሬው ግን ላት የሌለውን ድቅል አልወደደውም። በኋላ አዋሲ የተባለው የውጭ ዝርያ የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ላት ያለው መሆኑ ነው። ለተመራማሪው ትርፍ ነገር የመሰለው ላት ለገበሬው የበግነት መልክ ነበር፤ ገዢም መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነው።

ከዚያ የጠለቀ ችግር ግን ገበያው ራሱ ውስጥ ተደብቆ ነበር። ፋሲካና ዘመን መለወጫ ሲቃረብ ዋጋ ይንራል፤ ነጋዴውም ፈጥኖ ያደገውን፣ ወገበ ሰፊውን ጠቦት መርጦ ይወስዳል። መንጋው ውስጥ ቀርተው የሚያራቡት ማንም ያልፈለጋቸው ናቸው። ገበያው ምርጡን በትክክል ይለያል፤ እየለየም ዘሩን ያጠፋል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፉ የግብርና ምርምር ተቋም ከኢካርዳና ከሌሎች ተቋማት ጋር በሞላሌና በመሐል ሜዳ የጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ እርባታ ለዚህ መፍትሔ ፈለገ። መጀመሪያ የጠቦቶቹ ክብደት ይመዘገባል፤ ቀጥሎ አርቢዎቹ ራሳቸው ተሰብስበው ላቱን፣ ቀለሙንና ቁመናውን አይተው ይመርጣሉ። ምርጡ አውራ ለነጋዴ እንዳይሸጥ በአርቢዎቹ ማኅበር ተዘዋዋሪ ገንዘብ ይገዛል፤ በየመንጋው እየተዘዋወረም ያገለግላል። የተመራማሪው ሚዛንና የገበሬው ዓይን እዚህ ላይ አንድ ጠቦት ዙሪያ ቆሙ።

ያ ጠቦት ለነጋዴው የአንድ በዓል ሥጋ ነበር። ለማኅበሩ ገና ያልተወለዱ ግልገሎች አባት ነው። በጉ ያው ነው፤ ወገቡም ላቱም አልተለወጠም። የተለወጡት ገማቾቹ ናቸው።