ያውቁ ኖሯል? የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ በቡና አገር

ከውጭ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ብስክሌት መመሪያ ብርድን አጥብቆ ያስጠነቅቃል፤ ሊትየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ሲደረግ ይጎዳልና። ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ላይ ግን ባትሪ የሚያስረጀው ሙቀት፣ እርጥበትና የሚቆራረጥ መብራት ነው።

ያውቁ ኖሯል? ሊትየም ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሙቀት ላይ ከተቀመጠ ሳይነዳም ያረጃል። ለአዘቦት መንገድ 80 በመቶ ገደማ ይበቃዋል፤ ሙሉ የሚደረገው ሩቅ ሲታሰብ ነው። በክረምት ብስክሌቱ የሚቆም ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልቶ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ፀሐይ በሚያግለው ቆርቆሮ ሥር፣ ቆጥ ላይ አይሰቀልም።

የእርሳስ አሲድ ባትሪ ጠባይ ደግሞ ተቃራኒ ነው። ባዶውን ከሰነበተ ውስጡ ያሉት ሳህኖች ላይ ሰልፌት ይጋገርና ጉልበቱ ይሞታል። ከነዱ በኋላ ሳይውል ሳያድር ይሙሉት። ለአንዱ የሚበጀው ምክር ሌላውን ይገድለዋል፤ የጎረቤትን ምክር ከመቀበልዎ በፊት የራስዎ የትኛው እንደሆነ ይለዩ። የእርሳሱ ሲያነሡት በጣም ይከብዳል።

አሁን ደግሞ በጣም የሚያሳስበኝ ነገር። ሁለት ባትሪዎች ላይ «48 ቮልት» ተጽፎ አንዱ ቻርጀር ለሌላው ላይሆን እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? በብዛት ያለው ባለ 48 ቮልት ሊትየም አዮን ባትሪ 13 ሴሎች በተከታታይ የተያያዙበት ነው። እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ ድምሩ 54.6 ነው። የእርሳስ አሲድ ቻርጀር ግን እስከ 58.8 ቮልት ገደማ ሊገፋ ይችላል። ያ ለአንድ ሴል ከ4.5 በላይ ነው፤ ሊትየም በዚህ ልክ ሲሞላ ይግላል፣ ያብጣል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ውስጡ ያለው መከላከያ ሰሌዳ ካቋረጠው እሰየው፤ ርካሽ ባትሪ ላይ ግን በእርሱ መተማመን አይቻልም። መሰኪያው ስለገባ ብቻ ቻርጀር አይዋሱ፤ ጀርባው ላይ የተጻፈውን የቮልት ቁጥር ያንብቡ።

48 ቮልት፣ 12 አምፒር ሰዓት የሆነን ባትሪ ሙሉ በሙሉ መሙላት የሚወስደው ኤሌክትሪክ 3.5 ኪሎዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ በአሥር ደቂቃ ከሚፈጀው ብዙም አይበልጥም። የቆጣሪ ሒሳብ ፈርቶ ባትሪን ባዶ ማስቀመጥ አያዋጣም።

መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ከሶኬት ይንቀሉ። ሲመለስ ቮልቴጁ ሊዋዥቅ ስለሚችል ጥቂት ደቂቃ ታግሠው ይሰኩ። ዳገት ወጥቶ የጋለ ባትሪም ሳይበርድ ቻርጅ አይደረግም። ዝናብ ከመታው የመሰኪያውን ቀዳዳ በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ያድርቁ።

የፀሐይ ፓነልን በቀጥታ ከባትሪ ጋር ማገናኘት እንደማይገባ ያውቁ ኖሯል? በመካከል ለባትሪው ዓይነት የተሠራ ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል።

በኒውዮርክ ከተማ በ2023 እ.ኤ.አ. በሊትየም ባትሪ ምክንያት የተነሡ ቃጠሎዎች 18 ሰዎችን ገድለዋል። የከተማዋ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ደጋግሞ የሚናገረው፣ ባትሪ በር አጠገብ ቻርጅ አይደረግ የሚል ነው፤ እሳቱ መውጫውን ይዘጋልና። የእኛ አገር ቤት ብዙውን ጊዜ በሩ አንድ ነው። በቡና ለቀማ ወራት ደግሞ ጥጉ ሁሉ የጀንፈል ጆንያ ይሆናል፤ በጠርሙስ የተቀመጠ ቤንዚንም አይጠፋም። ከእነዚህ የራቀ ሲሚንቶ ወለል ይምረጡለት። ዲቫይደር ላይ ከምድጃ ጋር አይደርቡት፤ ሰው ተኝቶ ሳለም ሲሞላ አይደር።

ያበጠ፣ የሚሸት ወይም ጎርፍ የገባበት ባትሪ ቻርጅ አይደረግም፣ አይበሳምም። ከቤት አውጥተው ከሚቃጠል ነገር ያርቁት። ከተያያዘ ጭሱ መርዝ ነው፤ ነበልባሉ የጠፋ መስሎ ተመልሶ ይነሣል። ልጆቹን ይዘው ይውጡ፣ በሩን ከኋላዎ ይዝጉ፣ ለብስክሌቱ ብለው አይመለሱ።