ከእንጨት ወደ ብሩሽ፦ በእጅ የሚሣሉ የጃፓን ህትመት ቅጂዎች

በእጅ ተሥለው ለመኖሪያ ቤት ግድግዳ የሚቀርቡ የጃፓን ጥንታዊ ህትመቶች ቅጂዎች ከሌላው የሥዕል ቅጂ በአንድ መሠረታዊ ነገር ይለያሉ፤ የሚቀዱት ሥራዎች ራሳቸው ሸራ ላይ በብሩሽ የተሣሉ አልነበሩም። የካትሱሺካ ሆኩሳይ «ታላቁ ማዕበል»ም ሆነ የኡታጋዋ ሂሮሺጌ የዝናብ ትዕይንት በእንጨት ተቀርጸው በወረቀት ላይ የታተሙ ናቸው። ቀጂው ሠዓሊ ስለት፣ እንጨትና ወረቀት ተባብረው የሠሩትን በብሩሽ ብቻ መልሶ ማምጣት አለበት። የቅጂው ጥራትም የሚለካው በዚሁ ነው።

ህትመቶቹ የተስፋፉት በኤዶ ዘመን (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1603 እስከ 1868)፣ የዛሬዋ ቶኪዮ ኤዶ ትባል በነበረበት ጊዜ ነው። አንድ ህትመት የአራት ባለሙያ ድካም ነበር። አሳታሚው ሥራውን ያዛል፣ ገንዘቡንም ያወጣል፤ ሠዓሊው በስስ ወረቀት ላይ ይነድፋል። ቀራጩ ንድፉን በፊቱ ደፍቶ በቼሪ እንጨት ሰሌዳ ላይ ይለጥፍና መስመሮቹን ብቻ አስቀርቶ በዙሪያቸው ያለውን እንጨት ይቀርፋል። ንድፉ በዚሁ ሥራ ይጠፋል። ስለዚህ ከ«ታላቁ ማዕበል» ጀርባ የሆነ ቦታ የተቀመጠ ዋና ሥዕል የለም፤ ያሉት በየሙዚየሙ የሚገኙ ህትመቶች ናቸው፤ እነሱም በቀለማቸውና በመስመራቸው ጥራት እርስ በርስ ይለያያሉ። ቅጂ የሚያሠራ ሰው የትኛው ህትመት እንደሚቀዳለት ቢጠይቅ ያዋጣዋል።

በ1765 ሠዓሊው ሱዙኪ ሃሩኖቡ በሠራባቸው ህትመቶች ባለ ብዙ ቀለም አሠራር ከዳበረ በኋላ፣ ለየቀለሙ የየራሱ ሰሌዳ ይቀረጽ ጀመር። አራተኛው ባለሙያ፣ አታሚው፣ ሰሌዳውን ቀለም ይቀባና ከኮዞ ተክል ልጥ የተሠራ እርጥብ ወረቀት ይደፋበታል፤ ከዚያም ጀርባውን ባረን በሚባል፣ በቀርከሃ ልባስ በተጠቀለለ ክብ መፈተጊያ ያሸዋል። ቀለሙ ከወረቀቱ ላይ ተደርቦ አይቀርም፤ ወደ ውስጥ ይሰርጋል።

ቅጂውን የሚፈትነው መጀመሪያ መስመሩ ነው። በስለት የተቀረጸ መስመር ጠርዙ የጠራ ነው፤ የማዕበሉ አረፋ እንደ ጥፍር ተቆልምሞ የሚታየውም በዚህ የተነሳ ነው። እጁ ያልጠና ሠዓሊ ይህን አረፋ ነጭ ጭጋግ ያደርገዋል። ሌላው የተለመደ ስህተት መስመሮቹን በጥቁር መሣል ነው። በ«ታላቁ ማዕበል» የቅርጾቹ ዳር የታተመው በጥልቅ ሰማያዊ ነው። ሆኩሳይ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ባወጣቸው የፉጂ ተራራ ህትመቶች በብዛት ጥቅም ላይ የዋለው ይህ ሰማያዊ በርሊን ውስጥ ተገኝቶ በንግድ ጃፓን የደረሰ ቀለም ነው፤ የፕሩሺያ ሰማያዊ እየተባለ ዛሬም በቱቦ ስለሚሸጥ፣ ቀጂው በሌላ ሰማያዊ የሚተካበት ምክንያት የለውም።

ቀጥሎ የቀለሙ መደብዘዝ አለ። በሰማዩ አናት ላይ ደማቅ ሆኖ ወደታች እየሳሳ የሚጠፋውን ቀለም አታሚው የሚያመጣው ሰሌዳውን በከፊል በውሃ በማርጠብና ቀለሙን በማሳሳት ነው። ወረቀት ላይ በውሃ ቀለም የሚሠራ ሠዓሊ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ መንገድ አለው፤ ቦታውን በንጹህ ውሃ ያርሰዋል፣ ቀለሙን ከአንድ ዳር አስነክቶ ወደ ሌላው ይለቀዋል። በዘይት ቀለም ግን ብሩሹ እየተመላለሰ ማዋሃድ ስላለበት አሻራው ይቀራል። ህትመቱን ለሚወድ ሰው በጥሩ ወረቀት ላይ በውሃ ቀለም የተሠራው ቅጂ የተሻለ ምርጫ ነው።

የዘይት ቀለም ቅጂ ሌላ ዓይነት ሥራ እንደሚሆን ያሳየው ቪንሰንት ቫን ጎግ ነው። በ1887 ፓሪስ ሳለ ከሂሮሺጌ «መቶ የኤዶ ዝነኛ ትዕይንቶች» (1856–1858) ሁለቱን፣ የካሜይዶን የፕለም አትክልት ስፍራና በኦሃሺ ድልድይ ላይ የወረደውን ድንገተኛ ዝናብ፣ በሸራ ላይ ቀድቷል። የፕለሙን ህትመት በስስ ወረቀት ከገለበጠ በኋላ፣ በአራት ማዕዘን መስመሮች ከፋፍሎ ነው ያሳደገው። በድልድዩ ህትመት ላይ የሂሮሺጌ ወንዝ ዝርግ ነው፤ የቫን ጎግ ወንዝ ግን ወፍራም የብሩሽ ምት የሞላበት ነው። በሥዕሎቹ ዙሪያ ጠርዝ ጨምሮም ከሌሎች ህትመቶች የገለበጣቸውን የጃፓን ፊደላት አስገብቶበታል። ታላቅ ሥራ ነው፤ የሂሮሺጌ ጸጥታ ግን የለበትም።

ዛሬ በደቡብ ቻይና ሼንዘን የምትገኘው ዳፌን፣ ከ1989 ወዲህ በእጅ በሚሣሉ የዘይት ቀለም ቅጂዎች ስሟ የገነነ መንደር ናት። በዚያም ሆነ በሌላ ቦታ ቢሠራ፣ ሆኩሳይ በ1849፣ ሂሮሺጌ በ1858 ስለሞቱ ሥራዎቻቸውን መቅዳት የማንንም የቅጂ መብት አይነካም።

ገዢ መጠኑን ማጤን አለበት። «ታላቁ ማዕበል» ቁመቱ ወደ 26፣ ወርዱ ወደ 38 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከሶፋ በላይ እንዲሰቀል አንድ ሜትር ወርድ ሲሰጠው ፀጉር የሚያክለው መስመር ይወፍራል፣ ዝርጉ ቀለምም ባዶ ይመስላል። እስከ ሁለት እጥፍ ማሳደግ ያስኬዳል። የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ የወረቀቱን ለስላሳ ገጽ ያጠፋል፤ ለሸራ የማያንጸባርቅ ቫርኒሽ፣ ለወረቀት ደግሞ ሥዕሉን የማይነካ መስታወት ይስማማል። በላይኛው ግራ ጥግ ያለው ጽሑፍና የሆኩሳይ ፊርማ የምስሉ አካል ስለሆነ እያንዳንዱ ጭረት በትክክል መቀዳት አለበት፤ የቀጂው ሠዓሊ ስምና ሥራው ቅጂ መሆኑ ደግሞ በጀርባው ይጻፋል።