ሊያስተምር የሚሄድ አስቀድሞ ይማር

ሰው ወደ ባዕድ አገር በእንግድነት ሲሄድ የሚቀርብለትን ይቀበላል፤ በአስተማሪነት ሲሄድ ግን የያዘውን ይሰጣል። ስለዚህ እንግድነትና አስተማሪነት የማይገናኙ ነገሮች መስለው ይታዩ ይሆናል። ነገሩን በጥሞና ለመረመረው ግን በሰው አገር ቆሞ የሚያስተምር ሁሉ አስቀድሞ እንግዳ ነው፤ እንግድነቱንም በትሕትና ያልፈጸመ እንደ ሆነ ትምህርቱ ከጆሮ አልፎ ወደ ልብ አይደርስም።

ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ኮሌጆች የሚማሩ ብዙ ወጣቶች የዕረፍት ጊዜያቸውን ትተው በአፍሪካ፣ በእስያና በደቡብ አሜሪካ ወደሚገኙ ችግረኛ መንደሮች እየሄዱ ያለ ደመወዝ እንግሊዝኛና የጤና አጠባበቅ ያስተምራሉ። ከነዚህም መካከል ወላጆቻቸው ከአገራችን ወጥተው በዚያ የወለዷቸው ልጆች ይገኛሉ። ልጅ «ልሂድ» ባለ ጊዜ ወላጅ ሊያስባቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ልጄ በደኅና ይመለስልኝ ይሆን? የሚል ነው። ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን፣ የሚሄድባቸው ሰዎች በእርሱ መምጣት ይጠቀሙ ይሆን? የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለ ሁለተኛው ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ለዚህ ጥያቄ በኑሯቸው የመለሱ አባቶች አሉ። ፍሬምናጦስ በ4ኛው መቶ ዓመት ከኤዴስዮስ ጋር ከጢሮስ ተነሥቶ በባሕር ሲጓዝ በደረሰበት አደጋ ወደ አክሱም በተወሰደ ጊዜ ገና በትምህርት ዕድሜ ላይ ያለ ብላቴና ነበር። በቤተ መንግሥት አድጎ፣ ለብዙ ዓመታት የሕዝቡን ቋንቋና ጠባይ አውቆ፣ ወደ እስክንድርያ ሄዶ በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተሹሞ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሕዝቡም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብሎ ጠራው። ተስዓቱ ቅዱሳንም ወደ አገራችን በመጡ ጊዜ፣ ታሪካቸው እንደሚነግረን፣ አስቀድመው በአክሱም ተቀምጠው ቋንቋውንና ልማዱን ተማሩ፤ ወደየገዳማቸው የተሰማሩት ከዚህ በኋላ ነው። እነዚህ ሁሉ መምህራን ከመሆናቸው በፊት ደቀ መዛሙርት ነበሩ።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመለስ፣ ጆን ኬኔዲ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ጥቅምት 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ወደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ደረሱ። ቆመው ለጠበቋቸውም ተማሪዎች፣ ሐኪም ለመሆን ከሚማሩት መካከል በጋና ለማገልገል ስንቶቹ ፈቃደኞች እንደ ሆኑ የሚጠይቅ አጭር ንግግር አደረጉ። ተማሪዎቹም ፊርማ አሰባስበው ፈቃደኝነታቸውን ገለጹ። ኬኔዲ ከተመረጡ በኋላ የካቲት 22 ቀን 1953 ዓ.ም. የሰላም ጓድ ተቋቋመ። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን መግቢያም ከ250 የሚበልጡ የሰላም ጓዶች በአንድ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። አብዛኞቹ ከኮሌጅ የወጡ ገና ወጣቶች ሲሆኑ፣ በዋሽንግተን በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ጥቂት አማርኛ ተምረው ነበር። በየጠቅላይ ግዛቱ ባሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመድበው እንግሊዝኛና ሌላውንም ትምህርት አስተማሩ።

በጤና ረገድ ከሁሉ የሚልቀው ምሳሌ የፈንጣጣ ዘመቻ ነው። ዘመቻው በአገራችን በ1963 ዓ.ም. ሲጀመር ከኢትዮጵያውያን የጤና ሠራተኞች ጋር የሰላም ጓዶችም ተሰልፈው በእግርና በበቅሎ ገደሉን ወጡ፣ ወረዱ። የያዙት መሣሪያ ጫፉ ለሁለት የተከፈለ ትንሽ መርፌና የበሽተኛ ሥዕል ያለበት ካርድ ነበር። ሥዕሉን በገበያና በትምህርት ቤት እያሳዩ «እንዲህ ያለ ሕመም አይታችኋልን?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መንደርተኛውም በሽተኛው ወዳለበት ይመራቸዋል። ልብ በሉ፤ ክትባቱን የያዘው እንግዳው ሲሆን፣ በሽታው የት እንዳለ የሚያውቀው ግን ባላገሩ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ምንም ባላደረገ ነበር። በኢትዮጵያ የመጨረሻው በሽተኛ በኦጋዴን በ1968 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በዓለምም በተፈጥሮ የተያዘው የመጨረሻው ሰው በሶማሊያ በ1970 ዓ.ም. ተገኘ። በ1972 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን ዐወጀ።

የአገራችን ተማሪዎችም ከዚህ አልራቁም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ እያንዳንዱ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በገጠርና በየአውራጃው እንዲያገለግል ተደርጎ ነበር፤ ብዙዎቹም በአስተማሪነት ተሰማሩ። የከተማ ልጅ በገዛ አገሩ እንግዳ ሆኖ መገኘቱ ያን ጊዜ ብዙውን አስተምሮታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ በማስተምርበት የገጠር ከተማ ስድስት የውጭ አገር ተማሪዎች ለክረምቱ መጥተው ነበርና ያየሁትን ልናገር። የላካቸው ማኅበር ያስያዛቸው መጽሐፍ ለየትኛው አገር ልጆች እንደ ተጻፈ አይታወቅም። ከስድስቱ አንዲቱ፣ የነርስነት ትምህርት ሁለተኛ ዓመት የጨረሰች ልጅ፣ እኔን አስተርጓሚ አድርጋ ስለ ምግብ ማስተማር ጀመረች። «ሰውነታችሁ እንዲበረታ በየቀኑ ወተት ጠጡ፤ እንቁላልም ብሉ» አለች። ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙም የፍልሰታ ነበር። ልጆቹ ሁሉ ዝም አሉ። ከፊት የተቀመጠች ዐሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ ቀና ብላ «መምህር፣ እሷ አትጾምም እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ።

እንግዳን ማሳፈር ነውር ነውና ጥያቄውን ሳልተረጉም ላልፈው አስቤ ነበር። ነገር ግን መሸፋፈን ለሁለቱም ወገን እንደማይበጅ ተረድቼ ተረጎምሁላት። ፊቷ ቀላ፤ መጽሐፏንም ዘጋች። በዚያው ቀን ማታ ወደ ደብራችን መሪጌታ ወሰድኋትና አባታችን በትዕግሥት አስረዷት። ሕፃን ሰባት ዓመት ሳይሞላው ጾም እንደማይጀምር፣ የታመመና የምታጠባ እናትም ከንስሐ አባታቸው ጋር እንደሚመክሩ ነገሯት። ከዚያም ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «ይህን ለእንግዳዋ ብቻ ሳይሆን ለእናቶቹም ማስተማር ነበረብን» አሉ። በእርግጥም በጾም ጊዜ የፍስክ ምግብ ዕቃውን እንዳይነካው በመፍራት የሁለት ዓመቱን ሕፃን ጭምር ወተት የሚከለክል ቤት ጥቂት አይደለም። የሰፈሩ ሰው የሆንሁት እኔ ያላየሁትን ጉዳይ ባዕዲቱ በመሳሳቷ ገለጠችው።

በማግስቱ ትምህርቷን የጀመረችው በጥያቄ ነው፤ «በቤታችሁ ምን ምን አለ?» አለች። ልጆቹ ሽሮ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ተልባ፣ ጎመን እያሉ ተሻሙባት። እርሷም የእንግሊዝኛውን ስም በሰሌዳ ላይ እየጻፈች የየአንዳንዱን ጥቅም ተናገረች፤ ልጆቹም በተራቸው የአማርኛውን አጠራር አረሟት። ያችም የጠየቀችኝ ልጅ ለታናሽ ወንድሟ ወተቱ በተለየ ኩባያ ሊሰጠው እንደሚገባ ለእናቷ ለመንገር ቃሉን እየደጋገመች ወጣች።

ሌላም ቀን አንዲት እናት ተቅማጥ ያደከመውን ልጇን አቅፋ መጣችና «ዶክተር፣ መድኃኒት ስጪኝ» አለቻት። በቦርሳዋ ክኒን ነበራት። እንደምትሰጣት ጠብቄ ሳለሁ «እኔ ሐኪም አይደለሁም» ብላ እናቲቱን ራሷ ወደ ጤና ኬላ ሸኘቻት። በዚያ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን በጥብጣ በማንኪያ መስጠት ጀመረች። እነዚህ ሠራተኞች በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም ሠልጥነው ሁለት ሁለት እየሆኑ በየቀበሌው የተመደቡ የዚያው አካባቢ ሴቶች ናቸው። እንግዳዪቱ ከሁለት ወር በኋላ ሄዳለች፤ የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ግን ቀርታለች። ያ ክኒን በዚያ ቀን ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ እናቲቱ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ኬላው ሳይሆን ወደማይገኝ እንግዳ በሄደች ነበር።

እንግዲህ ልጃችን ለእንዲህ ያለ አገልግሎት ሲነሣ ልንጠይቀው የሚገባን ይህ ነው። የሚሄድበትን አገር ሰላምታና ምስጋና እንኳ በቋንቋቸው ያውቃልን? ከሚያስተምረው በፊት ያስተምር የነበረውንና ከእርሱ በኋላም የሚቀረውን የአገሩን መምህርና የጤና ሠራተኛ አማክሯልን? ያልተማረውን ሙያ እንዲሠራ ቢለመን «አልችልም» ለማለት ድፍረት አለውን? ለእነዚህ መልስ ያለው ልጅ በምርቃት ይሂድ። መልስ የሌለውም አይከልከል፤ ነገር ግን አንድ ዓመት ቆይቶ ይማር።

እኛም ተቀባዮች የሆንን ወገኖች ድርሻ አለን። ለእንግዳ ማፈራችን እውነቱን እንዳንነግረው ካደረገን ክብር ሳይሆን በደል ሠራንበት። የአገራችን ሰው «እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው» ይላል። ለመብል የመጣ እንግዳ ብረት ሲሆን ይከብዳል። ለማስተማር የመጣው ግን ማረሻ ሆኖ መሬቱን የሚነካው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ወርቅነቱ አልፎ፣ ተሳስቶ፣ ታርሞ ከእኛ ጋር በተቀመጠ ጊዜ።

የሚሄዱትን ልጆቻችንን በሰላም አድርሶ በሰላም የሚመልስ፣ ለሚቀበሏቸውም ትዕግሥትን የሚሰጥ አምላክ ሥራቸውን ይባርክ።