ተጨማሪ መረጃ፦ «ባን ኦን» ወይስ «ባንድ ፍሮም»?

ከጉርድ ሾላ በቀላል ባቡር ስትሳፈሩ፣ በውስጡ ማጨስ መከልከሉን በእንግሊዝኛ እንዴት ትናገራላችሁ? በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። «ባን» ማለት በሕግ ወይም በባለሥልጣን የተጣለ እገዳ ነው። የተከለከለውን ድርጊት ስትጠሩ «ኦን» ይከተለዋል፦ «ዘር ኢዝ ኤ ባን ኦን ስሞኪንግ»። ስለተከለከለው ሰው ስትናገሩ ግን «ፍሮም» ነው፦ «ፓሰንጀርስ አር ባንድ ፍሮም ስሞኪንግ»። «ባንድ ቱ ስሞክ» አይባልም፤ ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ማንሳቱ ይቀላል (ደግነቱ!)፤ እኛ እገዳ «ተነሳ» እንደምንለው እንግሊዝኛውም «ሊፍት ኤ ባን» ይላል።

ይኸው አዋጅ የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅም አግዷል። ይህን እገዳ አንድ ጊዜ በ«ኦን»፣ አንድ ጊዜ በ«ፍሮም» ጻፉት።