ቀለም የሌለው ሥዕል እንዴት ይነበባል?

ሥዕል ሳስተምር አዘውትሮ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ ጥቁርና ነጭ ብቻ ሆኖ ይህን ሁሉ ስሜት ከየት አመጣው? ለመልሱ የጀርመናዊቷን ሠዓሊ የኬተ ኮልቪትስን «ሎስብሩኽ» የተባለ ሥዕል እንይ። እ.ኤ.አ. በ1902/03 በብረታ ብረት ሰሌዳ ላይ በአሲድ ተቀርጾ የታተመ ሲሆን፣ የ1525ቱን የጀርመን ገበሬዎች ዐመፅ ከሚተርኩት 7 ሥራዎቿ አንዱ ነው።

1. ጨለማና ብርሃን፦ ዐይናችሁን ጠበብ አድርጋችሁ እዩት። ዝርዝሩ ይጠፋና ሕዝቡ አንድ ጥቁር ጎርፍ ይሆናል። ፊት ያሉት ሰዎች ይለያሉ፤ ከኋላ ያሉት ተዋህደዋል። «ብዙ ናቸው» የሚያሰኘን ቁጥራቸው ሳይሆን ይህ መዋሃድ ነው።

2. አቅጣጫ፦ ገበሬዎቹ ወደፊት አዘንብለው ይሮጣሉ። ቀጥ ብሎ የቆመ አካል እርጋታን ይነግረናል፤ ያዘነበለው ግን ጥድፊያን።

3. ጀርባ፦ ከፊት የቆመችው ሴት እጆቿን ሽቅብ ዘርግታ ታነሳሳቸዋለች። ጀርባዋን ስለሰጠችን ፊቷ አይታይም። ቁጣዋን የምናነበው ከጎበጠው ትከሻዋና ከጣቶቿ ነው።

4. ገጽ፦ ኮልቪትስ ሰሌዳውን በቀባችው ለስላሳ ሽፋን ላይ ጨርቅ ተጭና ሽመናውን አትማበታለች። የሥዕሉ ሸካራነት በከፊል ከዚያ የመጣ ነው።

እንዲህ ያለ ሥዕል ሲገጥማችሁ «ያስፈራል» ወይም «ያሳዝናል» ብላችሁ አትለፉት። ስሜቱን የፈጠረው የትኛው መስመር፣ የትኛው ጥላ እንደሆነ በጣታችሁ አሳዩ።