ከካሴት ወደ ሜሞሪ፦ የሙዚቃ ቅጂ ለምን ማርጀት አቆመ?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ መንገድ የሚጓዝ መንገደኛ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎና ደብረ ሲናን ወደ ኋላ ትቶ ቁልቁል ሲወርድ፣ ብርዱ ለሙቀት ቦታውን ይለቃል። ካፖርቱን አውልቆ የሚደርስባት የይፋት ቆላ ከተማ ሸዋ ሮቢት ናት። በዚህችም ከተማ፣ እንደ ሌሎች የመንገድ ዳር ከተሞቻችን ሁሉ፣ ሙዚቃ ቤት ማለት በካሴት የተሞላ መደርደሪያ ማለት ነበር። ኋላ ግን በመደርደሪያው ፋንታ አንድ ኮምፒዩተር ተተካ፤ ሾፌሩም የማሾ ነጋዴውም ካሴት መግዛቱን ትቶ «ሜሞሪዬ ላይ ዘፈን ጫንልኝ» ማለት ጀመረ። በዚህ ጽሑፍ ከለውጡ ጀርባ ያለውን ፊዚክስና ለዘፋኙ ያስከተለውን ውጤት ለማስረዳት እንሞክራለን።

በካሴት እንጀምር። በክሩ ላይ ያሉት መግነጢሳዊ ቅንጣቶች የድምፁን ሞገድ ቅርጽ ተከትለው ይሰለፋሉ፤ ሆኖም ክሩ «ሽሽ» የሚል የራሱን ረብሻ ይጨምርበታል። ካሴቱ ወደ ሌላ ካሴት ሲገለበጥ ቀጂው መሣሪያ ዜማውን ከረብሻው ለይቶ ማወቅ ስለማይችል ሁለቱንም አብሮ ይቀዳል፤ በዚያም ላይ የራሱን ያክላል። ክሮቹና መሣሪያዎቹ ተመሳሳይ ከሆኑ፣ የረብሻው ኃይል በመጀመሪያው ቅጂ እጥፍ፣ ከዚያ በተቀዳው ደግሞ ሦስት እጥፍ ይሆናል። በውጭ አገር ተማሪ ሳለን ከአገር ቤት ይዘናት የሄድናትን አንዲት ካሴት ጓደኞቻችን እየተቀባበሉ ገለበጧት፤ ዞሮ ዞሮ እጃችን የገባው የመጨረሻው ቅጂ ዘፋኙ ዝናብ ላይ ቆሞ የሚዘፍን ያስመስል ነበር። በእርግጥ ሕገወጥ አባዢዎች በካሴት ዘመንም አልጠፉም። ነገር ግን ማባዣ መሣሪያ፣ ባዶ ካሴትና ማጓጓዣ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ቅጂውም ከቅጂ ቅጂ ያረጃል። ይህ እርጅና ለአሳታሚው ደመወዝ የማይጠይቅ ዘበኛ ነበር ለማለት ይቻላል።

ዲጂታል ቀረጻ ዘበኛውን አሰናበተው። በሲዲ ላይ የድምፁ ሞገድ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ ስለሚሰማ ከእጥፉ ጥቂት የሚበልጥ ልኬት ይበቃል። እያንዳንዱ ልኬት በ16 ቢት፣ ማለትም በ0 እና በ1 ተከታታይ ይጻፋል። ለምሳሌ 0 በ0 ቮልት፣ 1 ደግሞ በ1 ቮልት ይወከሉ እንበል። ረብሻ 0ን ወደ 0.2 ቮልት ቢያሳድገው፣ ተቀባዩ ከ0.5 በታች ያለውን ሁሉ 0 ብሎ ስለሚያነብ ረብሻው እዚያው ይጣላል። ስለዚህ መቶኛው ቅጂ ከመጀመሪያው አይለይም።

ቀሪው ችግር ግዝፈት ነበር። በሁለት ቻናል የተቀዳ የአምስት ደቂቃ ዘፈን በሲዲ 53 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። በጀርመን የፍራውንሆፈር ተቋም ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ያዳበሩት ኤምፒ3 መፍትሔውን ከጆሯችን ድክመት አገኘ፦ ከበሮ ጎልቶ ሲመታ በአቅራቢያው ያለውን ለስላሳ ድምፅ ስለማንሰማው፣ ያንን በዝርዝር መመዝገብ አያስፈልግም። በሴኮንድ 128,000 ቢት ሲመዘገብ ያው ዘፈን 4.8 ሜጋባይት ብቻ ይሆናል። ተማሪዎቻችን ደጋግመው የሚሳሳቱበት ነጥብ እዚህ ላይ ነው፤ ኤምፒ3 ድምፅ የሚቀንሰው ሲሠራ አንድ ጊዜ ነው እንጂ ፋይሉ በተገለበጠ ቁጥር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1999 የተከፈተው ናፕስተር እነዚህን ፋይሎች በኢንተርኔት ማለዋወጥ ጀመረ። የፋይሎቹ ማውጫ በማዕከል ይቀመጥ ስለነበር ግን በፍርድ ቤት ክርክር ተሸንፎ በ2001 አገልግሎቱን አቆመ። በአገራችን ልውውጡ የተስፋፋው ያለ ኢንተርኔት ነው። ብሉቱዝ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ፣ በአሥር ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ፣ በሴኮንድ ሁለት ሚሊዮን ቢት ያህል ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ዘፈናችን በሃያ ሴኮንድ ተሻገረ ማለት ነው። ዜንደርን የመሳሰሉት መተግበሪያዎች ደግሞ በዋይፋይ ከዚህም ያፈጥኑታል። በመናኸሪያ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት መንገደኞች ማዕከል የላቸውምና፣ የትኛው ፍርድ ቤት ምኑን ይዘጋዋል?

አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የሸክላ ማሳተሚያውን ካቋቋመ ወዲህ የአሳታሚዎቻችን ገቢ የተመሠረተው በሚሸጠው ቅጂ ብዛት ላይ ነበር፤ ድምፃዊውም ብዙውን ጊዜ ድርሻውን በአንድ ጊዜ ክፍያ ይቀበላል። ሽያጩ ሲነጥፍ ክፍያውም ነጠፈ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007ም ተሻሻለ። በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካና የሙያ ጓደኞቹ «አውታር» የተሰኘውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ለሥራ አበቁ። ዩቲዩብ ደግሞ ከማስታወቂያ ገቢው ለዘፈኑ ባለቤት በተመልካች ብዛት ያካፍላል። ሆኖም ቆጠራው በኢንተርኔት ያለፈውን ብቻ ነው። በይፋት ሠርግ ላይ የተዘፈነ ዘፈን፣ ወይም በሐድራ የተዜመ መንዙማ፣ በስልክ ተቀርጾ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ያለ አሳታሚ ደጅ ጥናት ብዙ ጆሮ ያገኛል፤ ይህ ቀላል ትርፍ አይደለም። ነገር ግን የሚቆጥረው የለም፤ ያልተቆጠረ ደግሞ አይከፈልበትም።

ስሙም ቢሆን አብሮ አይዞርም። በመጀመሪያው የኤምፒ3 መለያ ሥርዓት ለዘፋኙ ስም የተመደበው ቦታ በፋይሉ ጭራ ላይ ያለ 30 ባይት ነው፤ በግዕዝ ፊደል ለመጻፍም አልታሰበም። በኋላ የመጣው ሥርዓት ፊደላችንን ቢቀበልም የሚሞላው ሰው ካልተገኘ ባዶውን ይቀራል። ሜሞሪው ውስጥ ያለው ዘፈን ድምፁ እንደ መጀመሪያው ቀን ጥርት ብሎ ይሰማል፤ በስልኩ መስኮት ላይ የሚታየው ጽሑፍ ግን «ትራክ 03» ይላል።